በጣና ዳርቻ፣ በጎጃም በኩል፦ የጡረታ ዘመን የጉዞ ማስታወሻ

ጣናን አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቀው ከባሕር ዳር ነው። በሞተር ጀልባ ተሳፍሮ አንድ ሁለት ገዳም ይሳለማል፣ ማታ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል፣ በማግስቱ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይቶ ወደ መጣበት ይሄዳል። እኔና ባለቤቴ ያሰብነው ሌላ ነበር፤ የሐይቁን ደቡባዊና ምዕራባዊ ዳርቻ ከባሕር ዳር እስከ ቁንዝላ መኪና እስከገባ ድረስ ውኃውን ተጠግተን እየተጓዝን፣ በደረስንበት እያደርን፣ ዳርቻው ላይ የሚኖረውን ሰው እያነጋገርን ለማየት። ሁለታችንም መምህራን ነበርን። እኔ ጂኦግራፊ፣ እሷ አማርኛ አስተምረን በጡረታ ተሰናብተናል፤ ልጆቻችንም ጎጆ ወጥተዋል። በሥራ ዘመናችን ክረምቱ እንጂ በጋው የእኛ አልነበረም፤ ክረምት ደግሞ በጎጃም ጭቃና ጎርፍ የመንገድ ጊዜ አይደለም። ጡረታ የሰጠን ትልቁ ስጦታ የበጋው ፀሐይ ነው።

ለጉዞው ያዘጋጀናት መኪና ያገለገለች ቶዮታ ሚኒባስ ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ በያጅና አንድ አናጢ ተባብረው ከሹፌሩ ጀርባ ያሉትን ወንበሮች ነቅለው በቦታው ለሁለት ሰው የሚበቃ አልጋ ሠሩላት። ከአልጋው ሥር ለልብስና ለስንቅ የሚሆን ሣጥን፣ ከኋላው በር አጠገብ ቡታጋዝና የውኃ ጀሪካን የሚቀመጥበት መደርደሪያ አለ። ጣሪያዋ ላይ የተገጠመችው አነስተኛ ሶላር ለአንድ አምፖልና ለስልኮቻችን ትበቃለች። በየመስኮቱ ባለቤቴ በእጇ የሰፋችው መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ጣና ወባማ ነውና አጎበሩም አልተረሳም።

ቅዳሜ፣ ጥር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዘንገና

ማልደን ተነሥተን በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል አለፍን። በሞጣ የሚያስኬድ መንገድም አለ፤ እኛ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ዘንገና ሐይቅ ዳር ማደር ስለፈለግን ይህን መረጥን። ወቅቱ የውቂያ ነው፤ በየአውድማው በሬዎች ሲያበራዩ፣ ገበሬው በመንሹ እብቁን ለነፋስ ሲሰጥ ይታያል። ቡሬ ላይ ባለቤቴ በርበሬ ገዛች። የቡሬን በርበሬ ከገበያው ሳይገዙ ማለፍ ለጎጃም ሴት ነውር ነው ብላ ታምናለች፤ እኔም አልከራከራትም።

ከእንጅባራ ከተማ ሳንደርስ ወደ ዘንገና ታጠፍን። ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው በደን የተከበበ፣ ውኃው የጠቆረ። አንድ ሰው በእግሩ በአጭር ጊዜ ዞሮ ይጨርሰዋል፤ ጥልቀቱ ግን እስከ 166 ሜትር እንደሚደርስ ተለክቷል። የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው በዓይናቸው የመጠራጠር ነገር ይታይ ነበር። ጣና ሰፊ ሆኖ ጥልቅ አለመሆኑ ግን በኋላ በየቀኑ የምናየው ነገር ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ውኃው በጥቂቱ ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል፤ ከየወንዙ የሚገባው ደለል ቶሎ ይሞላዋል፤ ነፋስም ከሥሩ ያናውጠዋል።

ሌሊቱ የአገው ምድር ብርድ እንዳለው ነበር። ጋቢና ብርድ ልብስ ደርበን አደርን።

እሑድ፣ ጥር 5 ቀን፤ ባሕር ዳር

በዳንግላ፣ በዱርቤቴና በመራዊ በኩል ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ አየሩ በየኪሎ ሜትሩ እየሞቀ፣ ልብሳችንም እየተቀነሰ ሄደ። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ዳር ደረስን። ግቢው እስከ ውኃው በሚደርስ አንድ ማረፊያ ቤት ለመኪናዋ ማቆሚያ ከፍለን፣ የኋላ በሯን ወደ ሐይቁ አዙረን ከፈትናት። አልጋችን ላይ ተቀምጠን ውኃው ይታየናል።

በዚያው ምሽት ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወደ ጨረጨራ ሄድን። በዚህ ቦታ በ1988 ዓ.ም. የተሠራው መቆጣጠሪያ ወደ ጢስ ዓባይ ማመንጫዎች የሚሄደውን ውኃ ይመጥናል። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ፣ ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃም በዝቶ የሐይቁ ወለል እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ መርከቦች ለወራት መቆማቸውን የከተማው ሰው እስካሁን ያስታውሳል። ጉማሬዎቹ በደንገሉ ጥግ ራሳቸውን ብቅ ጥልቅ ሲያደርጉ አይተን፣ ሳይመሽብን ተመለስን። ጉማሬ ለግጦሽ ከውኃ የሚወጣው በሌሊት ነው፤ በዚያ ሰዓት ዳርቻው የእሱ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 6 ቀን፤ ታንኳ

በዚህ ቀን ምንም ቦታ አልሄድንም ማለት ይቻላል። ጠዋት ከማረፊያችን በእግር ወጥተን፣ ዳርቻውን ተከትለን ስንሄድ የወይጦ ማኅበረሰብ አባል የሆኑ አንድ አዛውንት ታንኳ ሲሠሩ አገኘን፤ እስከ ምሳ ሰዓት ከአጠገባቸው አልተነሣንም።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከታጨደ በኋላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሳይደርቅ የታሰረ እንደሆነ ይሰበሰብና እስሩ ይላላል። አዛውንቱ ከደረቀው ክምር አንድ እቅፍ አንሥተው ወፍራሙን ጫፍ ከወፍራሙ፣ ቀጭኑን ከቀጭኑ እያስተካከሉ መሬት ላይ አጋደሙት። ከዚያም በጉልበታቸው ተጭነው፣ ልጡን በሥሩ አሳልፈው፣ አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው በሁለት እጃቸው ሳቡት፤ ደንገሉ ሲጨመቅ የሚያሰማው ድምፅ አለ፣ ያ ድምፅ እስኪቆም ድረስ ይስቡታል። አንዱ እስር ካለቀ በኋላ ከአንድ ስንዝር ያልበለጠ ርቀት ትተው ሌላ ያስራሉ። እንዲህ ያሉት ረጃጅም እስሮች ጎን ለጎን ተጣምረው ወለሉ ይሆናሉ፤ በግራና በቀኝ ወፈር ያሉ እስሮች ይደረባሉ፤ የፊተኛው ጫፍ በገመድ ተስቦ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውስጡ ላይ ሳይታሰር የሚነጠፍ ሌላ ደረቅ ደንገል አለ፤ ቀዛፊው የሚቀመጠው በእሱ ላይ ስለሆነ ወለሉ ውኃ ቢጠጣም ልብሱ አይርስም።

ታንኳ የማይሰጥመው ውኃ ስለማያስገባ አይደለም። ውኃው በየእስሩ መካከል እንደልቡ ይገባል፤ የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህም ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ተስቦ፣ ዛፍ ወይም አጥር ተደግፎ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል። ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል።

«አባቴ፣ ደንገሉን የሚያመጡት ከየት ነው?» ብላ ባለቤቴ ጠየቀቻቸው።

«ልጅ ሆኜ ከዚህ ነበር» አሉ፣ በእጃቸው ቤትና አጥር የተሠራበትን ዳርቻ እያሳዩ። «አሁን በታንኳ ርቄ ሄጄ ነው። እርሻው ወረደ፣ ከብቱ ወረደ፣ ቤቱ ወረደ፤ ደንገል ደግሞ ውኃና ሰው ሲጣሉ መሐል ላይ የሚቆም ነው፤ እሱ ተረገጠ።»

ደንገል የታንኳ ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ በፋይበር ጀልባ ተተክቷል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ከየማሳው ታጥቦ የሚመጣውን አፈር ወደ ሐይቁ ሳይገባ የሚያስቀረው እሱ ነው። ብዙ ዓሣ የሚራባው፣ ጫጩቱም ከአሞራ የሚሸሸገው በእሱ ውስጥ ነው። የክረምቱ ውኃ ሲሸሽ የሚተወው ርጥብ መሬት ለጓያና ለሽምብራ የተመቸ ስለሆነ ገበሬው በየዓመቱ ጥቂት ክንድ ወደ ውስጥ መግባቱ አይገርምም፤ መሬት ጠቦታልና አልፈርድበትም። ዳርቻውን የሚያርስ ገበሬና ዳርቻውን የሚያጥር ባለ ሆቴል ግን በእኔ ሚዛን እኩል አይደሉም፤ ሆቴሉ ሌላ ቦታ ሊሠራ ይችላል።

ለምሳ ቆሮሶ ጠብሰን በላን። ጣና ላይ በገበያ የሚታየው ዓሣ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው በእውነቱ ብዙ ዝርያ ነው፤ ከእነዚህም 15 ያህሉ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የሉም። ገሚሶቹ በክረምት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ በዚያን ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ የሚዘጋ ሰው የሚመጣውን ዓመት ዓሣ አብሮ ይይዛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 7 ቀን፤ ዘጌ

ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር በጀልባ መሄድ ይቀላል፤ እኛ ግን መኪናችንን ትተን መሄድ አልፈለግንም። ከአዲስ አበባው መንገድ ተገንጥለን በጠጠሩ መንገድ አቧራ እየጠጣን አፋፍ ከተማ ደረስን። መኪናዋን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ አንድ ግቢ አቆምን፤ የግቢው ባለቤት የሆኑት እናት «የመሸበት እንግዳ የእግዜር ነው» ብለው ክፍያ አልቀበልም አሉ። ባለቤቴ ከቡሬ በርበሬዋ ሰጠቻቸው።

ከአፋፍ ወደ ገዳማቱ የሚወስደው የእግር መንገድ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ በጥላ ውስጥ ነው። ከውጭ የጥር ፀሐይ ያንገበግባል፤ ከውስጥ ግን በረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር ቡና፣ በቡናው መካከል ጌሾ፣ በየአጥሩ ሎሚ አለ። በዘጌ ልሳነ ምድር በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም፤ ከብትና የጋማ ከብትም አይረባም። የአገሬው ሰው ይህን ለአቡነ በትረ ማርያም ከተሰጠው ቃል ኪዳን ጋር ያያይዘዋል፤ ጻድቁ ሕዝቡ ሳያርስ ከዛፍ ፍሬ እንዲኖር ለምነው እግዚአብሔር እንደሰማቸው ይነገራል። እኔ ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ በጣና ዙሪያ ሌላው ኮረብታ ሁሉ ተመንጥሮ ይህ ልሳነ ምድር እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ ለብሶ የቀረበትን ምክንያት ፈልጌ ከዚህ ቃል ኪዳን የበለጠ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘሁም። ደን ጠባቂ ቀጥሮ እንዲህ ያለ ውጤት ያገኘ መሥሪያ ቤት አላውቅም።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅኔ ማኅሌቱን አልፈን የመቅደሱን ግድግዳ ስናይ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሉ የተሣለው በቀጥታ በግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ሸማ ላይ ነው፤ ጥግ ላይ ትንሽ በተላቀቀበት ስፍራ የሸማው ድርና ማግ በግልጽ ይታያል። ፊታቸው በሙሉ የሚታየው ጻድቃን፣ በጎን የሚታየው ደግሞ ኃጥኣን መሆናቸውን አስጎብኝው ለሁለት ወጣቶች ሲያስረዳ ባለቤቴ ጣልቃ ገብታ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ ጥርኝ ውኃው ድረስ ተረከችላቸው። አስጎብኝው ሳያቋርጣት አዳመጠ፤ ሲጨርሱም «እማማ፣ ነገም ይምጡልኝ» አላት።

ከገዳሙ ስንወጣ በየደጁ ቡና ተሰጥቶ ነበር። ቀይ እሸቱ፣ ቡናማ መሆን የጀመረውና ደርቆ ጀንፈል የሆነው በየተራ በተለያየ ሰሌን ላይ ነው። አንዲት ልጅ ዘንጉን ይዛ ዶሮዎችን እየከለከለች በእግሯ ታገላብጠዋለች፤ በየጥቂቱ ጎንበስ ብላ የታመመ ፍሬ ትለቅማለች። ሁለት ኪሎ ጀንፈል ገዝተን ማታ በግቢው እመቤት ሙቀጫ ወቀጥነው።

ከአፋፍ ወደ ምሥራቅ የክብራን ገብርኤል ደሴት ይታያል። ወደዚያ ሴት አትገባም፤ ብቻዬን መሄድ ስላልወደድሁ ሁለታችንም ከዚሁ ተሳለምን።

ረቡዕ፣ ጥር 8 ቀን፤ ዘጌ

የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቅን። ከቀትር በኋላ አንድ ታንኳ ቀዛፊ በደንገሉ ዳር ወስዶ ፔሊካኖችንና ዓሣ አዳኙን ንስር አሳየን። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ውኃ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋስ ተነሥቶበት ታንኳችንን ያንገላታት ጀመር። ጣና ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚሄደው በጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ ሐይቅ መካከል መገኘት የሚወድ የለም። ሌላም ምክር ሰጠን፤ በዳርቻው ርጋ ባለ ውኃ ውስጥ በባዶ እግር አለመቆም። ቢልሃርዝያ አለ። ለመጠጥም ለዕቃ ማጠቢያም ያፈላነውን ወይም የገዛነውን ውኃ ብቻ ነው የተጠቀምነው።

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን፤ ወደ ቁንዝላ

በካርታ ላይ ዘጌና ቁንዝላ ሩቅ አይደሉም። በመካከላቸው ግን ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ረግረግ አለ፤ መኪና የሚያሻግር መንገድ ስለሌለ ወደ ደቡብ ተመልሶ በመራዊና በወተት ዓባይ ዞሮ፣ ከዱርቤቴ ወደ ሰሜን አቸፈር መታጠፍ ግድ ነው። ቀኑ ሙሉ በመንገድ አለቀ።

ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ ቆምን። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ይህ ወንዝ፣ ግልገል ዓባይ፣ ጣናን ከሚመግቡት ሁሉ ትልቁ ነው፤ እሱ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ተደምረው ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ ያመጣሉ። ፖርቱጋሎች ከላኳቸው ሚስዮናውያን አንዱ የሆነው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ምንጩን ለማየት ወደ ግሽ ተጉዘዋል፤ የአገሬው ሰው ግን ከእነሱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ለጠበል ይወርድበት ነበር። በጥር ወንዙ የጠራ ነው። በሐምሌ ቢሆን ኖሮ የምናየው የሰከላንና የሜጫን አፈር ተሸክሞ የቀላ ውኃ ነበር። ከመራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ በሚያጠጣው ሜዳ ላይ አረንጓዴ ስንዴና ሽንኩርት አየን፤ በመስኖው ማዶ ያለው ምድር በሙሉ ደርቆ ሳለ ይህ ብቻ ለምልሟል።

ከዱርቤቴ በኋላ መንገዱ ጠጠር ነው። አቧራው በመስኮቱ ክፈፍ ሳይቀር እየገባ አልጋውን አለበሰው፤ ጨርቅ አርሰን በየቀዳዳው ወተፍን። ቁንዝላ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ባሕር ዳር በደቡቡ ዳርቻ ስለሆነ ፀሐይ ከውኃው ውስጥ ስትወጣ አላየንም ነበር፤ እዚህ በምዕራቡ ዳርቻ ግን ጠዋት ከሐይቁ ውስጥ ትወጣለች። መኪናዋን የኋላ በሯ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን አድርጌ ያቆምሁት ለዚህ ነው።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ጥር 10 እና 11 ቀን፤ ጥምቀት በቁንዝላ

የጉዞውን ቀን ስንቆርጥ ጥምቀትን ሐይቅ ዳር ለማክበር አስበን ነበር። በብዙ ከተሞች ለከተራ ውኃ ይገደባል ወይም ገንዳ ይሞላል። እዚህ ታቦታቱ የሚወርዱት ዳርቻ ወደሌለው ወደሚመስል ውኃ ነው።

ዓርብ ገሃድ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጾሞ ዋለ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ወጣቶች በየመንገዱ ለምለም ሣርና ቄጤማ ሲጎዘጉዙ፣ ሴቶች ጥልፍ ቀሚሳቸውን፣ ጎረምሶች አረንጓዴ ቁምጣቸውን ለብሰው በየአቅጣጫው ሲመጡ መንደሩ ጠበበ። ከገጠር ቀበሌዎች የመጡት ካህናት ጃንጥላዎቻቸውን ዘርግተው፣ ታቦታቱን አጅበው ሲደርሱ እልልታው ከሐይቁ ወገን በተመለሰው ድምፅ እጥፍ ሆነ። ድንኳኑ የተተከለው ከውኃው ጥቂት ራቅ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ባለቤቴ ከቤት ያመጣችውን አዲስ ነጠላ ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ቆመች፤ እኔ ከመኪናዋ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፌ ከሩቅ ለመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ማረፊያ አዘጋጀሁ። ሌሊቱን ማኅሌቱ ሲቆም፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ሲደመጥ አንቀላፍተን እየነቃን አደርን።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓሣ አስጋሪ የነበሩ ናቸው። «አያ፣ ዓሣው እንደ ድሮው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መረቡ በዝቷል፣ ዓይኑም ጠብቧል» አሉኝ። «እኛ የማይበላ የምንለውን ትንሹን ዛሬ ልጆቹ ያወጡታል። እናቲቱን ስትወልድ መያዝ ይብቃ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ሰሚ አላጣሁም፣ ዳሩ የሚሰማኝ አንዱ ሲሆን የማይሰማው ሦስት ነው።»

ንጋት ላይ ጸሎቱ ሲፈጸም ካህናቱ ወደ ውኃው ወርደው ባረኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም። በአንድ ወገን ሰዎች የተባረከውን ውኃ በፕላስቲክ ዕቃ ይቀዳሉ፤ በሌላው ልጆች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይረጫጫሉ፤ እናቶች ሕፃናቱን ይዘው ግንባራቸውን ይነክሩላቸዋል። ልክ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከሐይቁ ብቅ ስላለች የካህናቱ ካባ ሁሉ በአንድ ጊዜ በራ። ቀትር ላይ ታቦታቱ ሲመለሱ ወጣቶቹ ከፊት እየጨፈሩ፣ ትከሻቸውን እየሰበቁ አጀቧቸው። ሎሚ የሚወረውር ጎረምሳም አየን፤ ደረቷን የተመታችው ልጅ ግን ሎሚውን አንሥታ ለታናሽ እኅቷ ሰጠቻት።

እሑድ፣ ጥር 12 ቀን

የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን አረፍን። ልብስ አጠብን፤ አልጋውን ከአቧራ አጸዳን።

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን፤ ደቅ

ማልደን በሞተር ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ተሻገርን። ደቅ ገዳም ብቻ አይደለም፤ ገበሬ፣ እርሻ፣ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፊ ደሴት ነው፤ ከጣና ደሴቶች ሁሉ የሚበልጥ የለም። ከደቅ ጠርዝ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ እቴጌይቱ በእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው የሚታዩበትን ሥዕል ባለቤቴ ለረጅም ሰዓት ቆማ አየችው። በዙፋን ላይ የነበረች ሴት ራሷን እንዲህ ዝቅ አድርጋ እንድትሣል መፍቀዷ ይደንቃታል። ጀልባ ነጂው ነፋሱ ሳይነሣ እንመለስ ስላለ ብዙ አልቆየንም፤ በስተ ምሥራቅ ያለውን ዳጋ እስጢፋኖስን፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበትን ደሴት፣ ከጀልባው ላይ ሆነን ተሳለምነው።

ስንመለስ ነጂው ከቁንዝላ ወገን ያለውን የዳርቻ ክፍል አሳየን፤ የጣና በለስ ማመንጫ ውኃውን የሚወስደው ከዚህ ከምዕራቡ ወገን ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማምረት አቅም አለው፤ ውኃው ከሐይቁ ወጥቶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ ሸለቆ ይወረወራል። ለኤሌክትሪኩ ደስ ይለኛል፤ የእኔም ቤት መብራት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ሆኖም ከአንድ ጥልቀት ከሌለው ሐይቅ በሁለት በር ውኃ ሲወጣ የመለኪያው ዘንግ በየቀኑ መታየት እንዳለበት ማስተማር የማቆም አይመስለኝም።

እምቦጭን በዚህ በጎጃም ዳርቻ እምብዛም አላየንም። አረሙ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በይፋ ከታወቀ ወዲህ ይበልጥ የተንሰራፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ፣ በጎንደር ወገን ነው። ነገር ግን ነጂው አንድ ነቅሎ ያስቀመጠውን ከጀልባው ወለል አንሥቶ አሳየን፤ ሥሩ ጥቁር ጢም፣ ግንዱ እንደ ፊኛ ያበጠ፣ አበባው ያማረ ነው። «መምህር፣ ባየሁ ቁጥር አነሣዋለሁ፤ እኔ ዝም ካልሁ በክረምት እዚህ ይደርሳል» አለኝ። ወደ የብስ ስንደርስ ከውኃው አርቆ ጣለውና በድንጋይ ደቆሰው።

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን፤ መመለሻ

ቤንዚን ዱርቤቴ ላይ ሞላን። እንደ እኛ በጡረታ ያሉና መኪና ያላቸው ሰዎች ይህን መንገድ ቢሞክሩት እወዳለሁ፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ከዱርቤቴ በኋላ ግን ተጨማሪ ጎማና ለብዙ ቀን የሚበቃ የመጠጥ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። በየደረሱበት ለቀበሌው ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ማን እንደሆኑ ነግሮ ማደር ደንብ ነው፤ እኛ በዚህ ደንብ ስለሄድን አንድም ሌሊት ማደሪያ አልከለከሉንም። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚመጣው ኅዳር ከቁንዝላ ወደ ሰሜን፣ በደልጊ በኩል እስከ ጎርጎራ ለመቀጠል ተስማምተናል። ባለቤቴ ከመሄዳችን በፊት የመስኮቶቹ ጎማ ይቀየር ብላለች፤ በያጁ ዘንድ ለሚመጣው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ።